ድንኳኑ የማን ነው?
(የአንባብያን ጥያቄና መልስ)

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሦስቱም ከእኛው ከምሥራቁ አገር የመጡ ናቸው፤ ሦስቱም የሚጠይቁት ስለ ማኅበርና ስለ እምነት ነው። የመጀመሪያዋ ጠያቂ ስብሰባ ስለደረሰባት ለእርሷ ረዘም አድርጌ ጽፌያለሁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ወንድሜ ሰሜን አየርላንድ፣ ቤልፋስት ከተማ ይኖራል። ባለፈው ሐምሌ ፎቶግራፍ ላከልኝ። ጥቁር ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከአንገታቸው ብርቱካንማ መታጠቂያ ያወረዱ ሽማግሌዎች ከበሮ እያስመቱ በሰልፍ ሲሄዱ ያሳያል። የፕሮቴስታንቶች የወንድማማች ማኅበር ነው፤ እምነታቸውንና ባህላቸውን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጠብቀው ኖረዋል ብሎ ጻፈልኝ። የእኛ የወንጌላውያን እድር ወጣቶች ፎቶውን ካዩ ወዲህ፣ እኛም አርማና መታጠቂያ ይኑረን፣ በዓመት አንድ ቀን ከዚራ ሰፈርን በሰልፍ እንዙር፣ አባልነት ለአማኝ ብቻ ይሁን፣ ድንኳናችንም ከአባል ውጭ ለማንም አይዋስ የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። በሚቀጥለው ወር ጠቅላላ ስብሰባ አለን። ምን ይመክሩናል?
እህት ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ ልጄ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ድንኳኑ የጻፍሽው ሐረግ ላይ ስደርስ ሁለቱንም ጊዜ ቆምኩ። ወደ እርሱ እንመጣለን፤ አስቀድሜ ግን ማኅበሩ ምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ወጣቶቹ የሚቀዱትን ነገር ጠንቅቀው ሊያውቁት ይገባልና።

ኦሬንጅ ኦርደር ይባላል። ስሙ ከብርቱካን ፍሬ የመጣ አይደለም። ኦራንዥ በደቡብ ፈረንሳይ ያለች ከተማ ናት፤ በምድር ባቡር ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ ፈረንሳይኛ ሲነገር ስሰማ ስለኖርኩ እኔ በዚያ አጠራር ነው የሚቀናኝ። የከተማዋ ልዑልነት በውርስ ሆላንድ ውስጥ ለነበረ የመሳፍንት ቤት ደረሰ። ከዚያ ቤት የተወለደው ዊልያም እ.ኤ.አ. በ1688 ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ ካቶሊኩን ንጉሥ ጀምስ ዳግማዊን፣ የሚስቱን አባት፣ ከዙፋኑ አስለቀቀው። በ1690 ሁለቱ አየርላንድ ውስጥ ቦይን በተባለ ወንዝ ዳር ተዋጉና ድሉ የዊልያም ሆነ። የዛሬዎቹ ሰልፈኞች በየዓመቱ ጁላይ 12 ቀን፣ በእኛ ሐምሌ 5 መሆኑ ነው፣ የሚያስቡት ይህንን ድል ነው።

ማኅበሩ ራሱ ግን የተመሠረተው ከጦርነቱ ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1795 ነው። አርማህ በሚባለው የአየርላንድ አውራጃ፣ ሎክጎል ከምትባል መንደር አጠገብ፣ ዳይመንድ የተባለ መስቀለኛ መንገድ አለ። እዚያ የፕሮቴስታንትና የካቶሊክ ገበሬዎች ጠመንጃ ተማዘዙ፤ ከካቶሊኮቹ ወገን ብዙ ሰው ሞተ፤ ያሸነፉት ፕሮቴስታንቶች ወዲያውኑ ማኅበሩን አቋቋሙ። ይህን ልብ በይልኝ።

በውስጡ የሚያስደስተኝ ብዙ ነገር አለ። ሎጅ በሚሏቸው የአካባቢ ቅርንጫፎች የተደራጀ ነው፤ እያንዳንዱ ሎጅ ቁጥር፣ ሰንደቅ፣ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊ፣ ገንዘብ ያዥና የጸሎት አገልጋይ አለው። ስብሰባው በጸሎትና በመጽሐፍ ቅዱስ ንባብ ይከፈታል። በሐር ሰንደቆቻቸው ላይ የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ፣ የተሐድሶ አባቶችና የነገሥታት ሥዕል ይሣላል። ላምቤግ የሚሉት ከበሮ የፍየል ቆዳ የተወጠረበት፣ ከደረት የሚንጠለጠል፣ በሸንበቆ የሚመታ ግዙፍ ከበሮ ነው፤ አሠራሩንም አመታቱንም ልጅ ከአባቱ ይማራል። ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን የአባላት ልጆች ይረዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በቤልፋስትና በሎክጎል ሁለት ሙዚየሞች ከፍተዋል፤ ለሥራው የአውሮፓ ኅብረት ለሰላም ከመደበው ገንዘብ አግኝተዋል። ወደ ካናዳ፣ ወደ አውስትራሊያ የሄዱ ስደተኞች ማኅበሩን ይዘውት ሄደዋል። በአህጉራችንም ጋናና ቶጎ ውስጥ ሎጆች አሉ፤ ጥቁር ወንድሞቻችን ያንኑ መታጠቂያ ታጥቀው ይዘምራሉ። በሰሜን አየርላንድ ብጥብጥ ዓመታት ከ300 በላይ አባላት እንደተገደሉበት ማኅበሩ ይናገራል። ስለዚህ ክፉ ሰዎች ናቸው ብዬ እንድጽፍልሽ አትጠብቂ። አባቱን የቀበረ ሰው የአባቱን መታጠቂያ ሲታጠቅ ምን እንደሚሰማው አውቃለሁ።

ነገር ግን ፎቶግራፉ የማያሳየው አለ። አንድ ሰው አባል ሲሆን የሚቀበለው ጥንታዊ ደንብ፣ በካቶሊክ የአምልኮ ሥርዓት ላይ በመገኘት እንኳ ድጋፍ እንዳያሳይ ያዘዋል። ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 አንድ ወጣት ካቶሊክ ፖሊስ መኪናው ሥር በተጠመደ ቦምብ ተገደለ። የማኅበሩ አባላት የሆኑ ሁለት ታዋቂ ፖለቲከኞች ቀብሩ ላይ ተገኙ፤ ቅዳሴው ውስጥ ገብተው ስለተቀመጡ ከገዛ ማኅበራቸው ውስጥ ክስ ቀረበባቸው። በኋላ ቅጣት ሳይጣልባቸው ቀረ። ቢሆንም ለቅሶ መድረስ የሚያስከስስበት ማኅበር ውስጥ መኖር ምን እንደሚመስል አስቢው።

ሌላው የመንገዱ ጉዳይ ነው። ፖርታዳውን በተባለ ከተማ ማኅበርተኞቹ ከድረምክሪ ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ የሚያልፉት በካቶሊኮች ሰፈር ነበር። ነዋሪዎቹ በደጃችን አትለፉ አሉ፤ ማኅበርተኞቹ የአባቶቻችን መንገድ ነው አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ጁላይ በመጣ ቁጥር ከተማው ይታመስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 ሰልፉ ተከለከለና ወታደሮች መንገዱን በአጥር ዘጉት። ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ አላለፉም።

አሁን ወደ ድንኳኑ።

በ1974 ዓ.ም. ጥር ወር ደርግ የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን አሰረ። በዚያን ጊዜ 5,000 ገደማ የነበሩት ምእመናን በየቤቱ አምስትም ስድስትም እየሆኑ በምስጢር ሲጸልዩ ኖረው፣ ደርግ ሲወድቅ ከ30,000 በላይ ሆነው ተገኙ። የእኛም ጸሎት ቤት በዚያው ዘመን ታሽጎ ነበር። የእድራችን ዕቃ የሚቀመጠው በጸሎት ቤቱ ግቢ መጋዘን ውስጥ ስለነበር ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ብረት ድስቱ፣ ሁሉም አብሮ ታሸገ።

አባቴ የሞተው በ1976 ዓ.ም. በግንቦት ነው። ድሬዳዋ በግንቦት ምን እንደምትመስል አንቺም ታውቂዋለሽ። ሰው የሚቀመጥበት ጥላ አልነበረንም። ረፋዱ ላይ አንድ የአህያ ጋሪ ደጃችን ቆመ። ጎረቤታችን ሐጂ ከመስጊዳቸው ሰዎች ድንኳን ተውሰው አምጥተዋል። ካስማውን ከልጆቻቸው ጋር ራሳቸው መቱት፤ የግቢያችን መሬት ድንጋይ ስለሆነ አንዱ ካስማ አልገባ ብሎ ከውኃ በርሜል ጋር አሠሩት። ማታ እናቴ አባቴ የሚወደውን መዝሙር ለመስማት ፈለገች። እኛ ፈራን፤ በዚያ ዘመን መዝሙር ያሳስራል። ሐጂ ገባቸው። ወንበራቸውን አንሥተው ድንኳኑ መግቢያ ላይ አደረጉና መቁጠሪያቸውን ይዘው ተቀመጡ። «ዘምሩ» አሉን፤ «የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ ለቅሶ ነው እለዋለሁ፤ ሐሰትም የለበትም።» ሦስት ሌሊት እንደዚያ ተቀመጡ። የአባቴን መዝሙር የጠበቀልን ያ ወንበር ነው።

በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድብን፣ ያኔ የእድራችን ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ድንኳናችን ሁለት ሳምንት ሙሉ አልተጠቀለለም። በሥሩ ማን እንደተቀመጠ መዝግቤ አላውቅም፤ ቁርዓንም ተቀርቶበታል፤ ፍትሐትም ተደርጎበታል፤ እኛም ዘምረንበታል።

ለስብሰባው የምመክርሽ ይህን ነው። አርማ ካማራቸው ያሠሩ፤ መታጠቂያም ቢሆን ማንንም አይጎዳም። አባልነትን ለአማኝ ብቻ ማድረግ የማኅበሩ መብት ነው፤ ከየመን፣ ከግሪክ፣ ከአርመን፣ ከሕንድ የመጡትም በዚህች ከተማ ውስጥ በየራሳቸው ተሰብስበው ኖረዋል፤ ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1902 በባቡሩ ከተቆረቆረች ጀምሮ የለመደችው ነው። የድንኳኑን ሐሳብ ግን እንዳያጸድቁት እለምናቸዋለሁ። እንዲያውም «ጎረቤት ሲሞትበት ድንኳኑ ያለ ክፍያ ይሄዳል» የሚል አንቀጽ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ በግልጽ ይግባ። በዓመት አንድ ቀን የሚሰበሰቡበት ከፈለጉም፣ በሰልፍ ፋንታ ድንኳኑን ተክለው የሞቱትን አባላት ስም ከመዝገብ ያንብቡ፤ የድሮዎቹን መዝሙሮች ይዘምሩ፤ ምሳ ሠርተው ጎረቤት ይጥሩ። ለሙስሊም እንግዶች ሥጋው እነርሱ የባረኩት መሆን ስላለበት አራጁን ከእነርሱ ዘንድ ጥሩ፤ ይህን የምጽፈው አንድ ዓመት እኛ ረስተነው እንግዶቻችን ሽሮ ብቻ በልተው ስለሄዱ ነው፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ጥያቄ፦ ይድረስ ለጋሼ። እኔ ሐረር፣ ሸዋ በር አካባቢ የምኖር የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ነኝ። በወጣቶች ኅብረታችን ውስጥ አንዳንዶች የአያቶቻችን ዘፈን፣ ተረትና እንቆቅልሽ፣ ቡና አፍልቶ መሰብሰብ እንኳ «የሥጋ ነው፣ አማኝ ሊተወው ይገባል» ይላሉ። አያቴ በኦሮምኛ የምታውቃቸውን ተረቶች መቅዳት ጀምሬ ነበር፤ አሁን ግራ ገባኝ። ባህልን መጠበቅ ከእምነት ጋር ይጣላል?
ወንድም ከሐረር

መልስ፦ ልጄ፣ መቅጃህን አታጥፋ።

መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ያገኘነው ከማን እንደሆነ ለኅብረቱ ልጆች ንገራቸው። አስቴር ገኖ በልጅነቷ በባርነት የተሸጠች ናት። ባሕር ላይ ከባሪያ ነጋዴዎች እጅ ተይዛ ነፃ ከወጣች በኋላ ምጽዋ አጠገብ እምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገባች። እርሱም በልጅነቱ ተሸጦ ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ሲተረጉም ቋንቋው ከአፏ ያልጠፋ ረዳት የሆነችው እርሷ ናት። ትርጉሙ እ.ኤ.አ. በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። ከዚያ በፊት ግን በ1894 ለትምህርት ቤት ልጆች የማንበቢያ መጽሐፍ አሳትመዋል። በውስጡ ያለው ስብከት ብቻ እንዳይመስልህ፤ አስቴር በቃሏ የያዘቻቸው ዘፈኖች፣ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ ንግግሮች አሉበት። ከአገሯ ተሰርቃ፣ በባሕር ተጭና፣ እናቷን ሳታይ ያደገች ልጅ የእናቷን ቤት ተረት ለወንጌል ልጆች ማስተማሪያ አደረገችው። አንተ አያትህ ፊት ለፊት ተቀምጣ እያለች የምትተወው ለምንድን ነው?

ደግሞ የምትኖረው ሐረር ነው። በጀጎል ውስጥ ያለውን አፎቻ ታውቀዋለህ፤ የወንዶቹ ለብቻ፣ የሴቶቹ ለብቻ ሆኖ ሠርግና ለቅሶ የሚያነሡበት የሐረሪዎች ማኅበር ነው። በሠርጉ ቤት የሚዘፈነውንና ለቅሶ ቤት የሚባለውን ልጆቹ የሚማሩት እዚያው ነው። ሃይማኖታቸውን ከባህላቸው ሳያጣሉ ይህን ያህል ዘመን ይዘውት ኖረዋል። የሹዋሊድ በዓላቸውም እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከኅብረቱ ጓደኞችህ ጋር ሄዳችሁ አንዲት የአፎቻ እናት አነጋግሩ።

ለጓደኞችህም አንድ ነገር ልጨምር። የሚፈሩት ነገር ፈጽሞ መሠረት የለውም አልልም፤ በቡና ሥርዓት ውስጥ አንዳንዱ ቤት ለአቴቴ ወይም ለአድባር የሚያደርገው ነገር አለ፤ አማኝ ያንን መተዉ ትክክል ነው። ያንን ለይቶ ለማወቅ ግን አያትህን መጠየቅ ያስፈልጋል። ቡናው ቡና ነው፤ በዚህ አገር ላለነውማ የእርሻችንም ፍሬ ነው።

ጥያቄ፦ ለተከበሩ ጋሼ። የእድራችን የ1950ዎቹ መዝገብ በ1998ቱ ጎርፍ ርሶ ነበር። ያን ጊዜ አድርቀን በጆንያ አስቀመጥነው፤ አሁን ስናወጣው ገጾቹ ተጣብቀዋል፣ ጭቃም አለበት። ልጄ በቢላ አላቅቀን ገጹን ሁሉ ፕላስቲክ እናልብሰው ይላል። አባቶቻችን ወንጌልን ሲቀበሉ የነበሩ የመጀመሪያዎቹ አባላት ስም በሙሉ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ምን ይሻላል?
የእድር ሊቀመንበር፣ ከከዚራ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ቢላውን ያስቀምጡት። ፕላስቲክም አያልብሱት፤ በሙቀት የተለበጠ ፕላስቲክ ዳግመኛ አይነሣም፤ ወረቀቱም በውስጡ ቢጫ እየሆነ ይሰባበራል። የሚያጣብቅ ፕላስተርም እንዲሁ ነው፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሙጫው ጠቁሮ ጽሑፉን ይበላዋል።

ይህን የምነግርዎ ከራሴ ጥፋት ተምሬ ነው። የእኛም መዝገብ በዚያው ሌሊት ርሶ ነበር። እኔ በማግሥቱ ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ፀሐይ አሰጣሁት። በአንድ ቀን ደረቀ፤ ግን እንደ ቂጣ ተኮማተረ፤ ሳቃናው አሥራ አንድ ገጽ ተሰበረብኝ። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚገባበት ክፍል፣ በየገጹ መካከል ነጭ ወረቀት እያስገባሁና ወረቀቱን እየቀየርኩ በቀስታ ማድረቅ ነበረብኝ። ጋዜጣ አይጠቀሙ፤ ቀለሙ ይተላለፋል።

አሁን የደረቀ ስለሆነ መጀመሪያ ጭቃውን በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ከመሐል ወደ ዳር ይጥረጉት። የተጣበቁትን ገጾች በግድ አይክፈቷቸው፤ በቀላሉ የሚለቅቁትን ብቻ ይክፈቱ፤ ሌሎቹን እንዳሉ ይተዉአቸው። ጥንቃቄውን የሚያውቅ ባለሙያ አዲስ አበባ ባለው የቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ውስጥ ይጠይቁ። የተከፈተውን ገጽ ሁሉ በስልክ ፎቶግራፍ ያንሡ፤ ጠዋት፣ መስኮት አጠገብ፣ ያለ ፍላሽ፣ ስልኩን በቀጥታ ከላይ አድርገው። በየገጹ አጠገብ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፈው አብሮ ይነሣ። ፎቶዎቹ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች ይቀመጡ፤ አንደኛው ቦታ ከደቻቱ ርቆ ከፍ ያለ መሬት ላይ ይሁን። መዝገቡን ከጆንያ አውጥተው በንጹሕ አቡጀዲ ይጠቅልሉት፤ ከወለል ከፍ ያድርጉት፤ ምስጥ የሚጀምረው ከታች ነው።

በራስዎ እጅ የሚጨምሩትን ማስታወሻ ሁሉ በእርሳስ ይጻፉ። በእኛ መዝገብ የመጀመሪያው ገንዘብ ያዥ በሰማያዊ ቀለም የጻፈው በሙሉ ፈሶ ደመና መስሏል። በመካከል ብዕር የጠፋበት ወራት ነበረ መሰለኝ፣ ወደ አርባ የሚሆኑ መስመሮችን በእርሳስ ጽፏል። እነዚያ መስመሮች ጎርፉ ያልነካቸው ያህል ይነበባሉ። «ለከፈን 4 ብር።» «የባቡር ሠራተኛ፣ ባይተዋር፣ ከእኛ ወገን ያልሆነ፣ ማኅበሩ ቀበረው።» ሁለተኛውን መስመር ሳነብ አባቶቻችን ገና ያኔ ድንኳኑ ለማን እንደሆነ ወስነውት እንደነበር ገባኝ፤ ለሳቢያኗ እህትም የዚህን ገጽ ፎቶግራፍ ልኬላታለሁ።

አንድ ሥራ ሳይውል ሳያድር ይጀምሩ። በመዝገቡ ውስጥ ያሉትን ስሞች ይዘው በሕይወት ያሉትን አሮጊቶች ቤት ለቤት ይዙሩ። ሴቶቹ በመዝገብ ውስጥ «የእገሌ ባለቤት» ተብለው ብቻ ተጽፈዋልና የራሳቸውን ስም ከአፋቸው ይቀበሉ። ያኔ የመዝሙር መጽሐፍ ሳይኖር በቃል የዘመሩትንም ያዘምሯቸውና ይቅዱ። በእኛ እድር ከእነዚያ እናቶች ዛሬ የቀሩት ሁለት ናቸው፤ አንደኛዋ መስማት ተቸግራለች፣ መዘመር ግን አልተቸገረችም።

ዘወትር ሐሙስ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ በእድራችን ቤት እገኛለሁ። መዝገቡን ይዘው ይምጡ፤ በጨርቅ ጠቅልለው፣ በእቅፍዎ ይዘው፣ በባጃጅ ቢሆን ይሻላል፤ ሞተር ብስክሌት ላይ እንዳይጭኑት።